የአንሶላው ሌላኛው ጫፍ

ጥቅምት 6

ለሚመጣው ነገር ሁሉ ተጠያቂው አቶ ቡድን ነው። ገና ምንም ሳይመጣ ልጻፈው፤ በኋላ ተናድዳ ነው እንዳይባል። ማን ሊል? የሚያነበው የለም። ቢሆንም ይጻፍ።

ቀኑ እንደ ወትሮው ነበር። የሆስፒታሉ አንሶላ በጋሪ ወረደ፣ ሻምበል ማጠቢያዎቹን ሞላ፣ ምድር ቤቱ በእንፋሎት ታፈነ። ሻምበል ሻምበል አይደለም፤ ወታደር ቤት ረግጦ አያውቅም። ማሽኖቹን "ተነስ! ቁም!" እያለ ስለሚያዝ ነው። እዚህ ስም ያልተለጠፈበት የለም። ገና የገባችው ልጅ ቻርጀር ናት። ጠዋት ስትገባ ከሰላምታ በፊት "ቻርጀር ያለው አለ?" ነው የምትለው። እኔ ደግሞ እሬት። ፊት ለፊቴ እትዬ፣ ከኋላዬ እትዬ እሬት። የማላውቅ ይመስላቸዋል።

ከሻይ በኋላ አዲሱ ኃላፊ ከላይ ወረደ። ልጄ ይሆናል በዕድሜ። ግድግዳው ላይ ትልቅ ወረቀት ለጠፈ፦ "ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ።" ለራሴ አነበብኩት፣ ከንፈሬን ሳላንቀሳቅስ። ፊደል የቆጠርኩት ፀጉሬ ከሸበተ በኋላ ነው፣ ማታ ማታ እየሄድኩ። አስተማሪዋ "እጃችሁ እንዳይረሳ ለራሳችሁ ጻፉ" ስላለች ነው ይሄንንም የምጭረው።

ከዚያ ቡድን አለ፤ አቶ ቡድን ያልነውም ለዚሁ ነው። የቡድን መንፈስ፣ የቡድን ውጤት፣ የቡድን ምን... አፉ አልደከመም። "ከሰኞ ጀምሮ ማንም አንድ ቦታ ተተክሎ አይቀርም። አራት አራት ትሆናላችሁ። ሁሉም ሁሉንም ሥራ፣ ሁሉም ከሁሉም ጋር!"

ቻርጀር ጆሮዬ ሥር "እትዬ፣ ሎሚዎቹስ እኛ ነን፣ ጨማቂው ማን ነው?" አለች። ልስቅ ነበር። እህትዓለምን አየኋትና ሳቄ ጠፋ። እጇ አንሶላው ላይ ደርቆ ቀርቷል።

እህትዓለም የምላት ጓደኛዬን ነው። እንደኔው አጣጣፊ ናት። አንዱን ጫፍ እሷ፣ አንዱን እኔ፣ ከስንት ዘመን ጀምሮ። "መቀስ" ይሉናል፣ አንዷ ያለ ሌላዋ አትቆርጥም ብለው። ስናጥፍ አናወራም። ጨርቁ ያወራል። ሳብ ካደረግኩት እድፍ አለው ማለት ነው፤ ትለቀዋለች፣ ወደ ድጋሚ ማጠቢያው ቅርጫት እወረውረዋለሁ። ላላ ካደረግኩት ንጹሕ ነው፤ ታጥፋለች።

ሁልጊዜ የምስበው ለምን እኔ ብቻ እንደሆንኩ ማንም ጠይቆ አያውቅም።

ዓይኗ ነው። ሁለት ዓመት አለፈው። "መሐሉ ይታየኛል፣ ዳር ዳሩ ተበላ" አለችኝ አንድ ቀን። "በቁልፍ ቀዳዳ እንደማየት ነው።" ለማንም አትንገሪ አለች። አልተናገርኩም። እኔ አይላታለሁ። ጋሪ ሲመጣ ክርኗን እነካታለሁ። ደረጃ ላይ ቀድሜያት እወርዳለሁ። ማን አወቀ? ማንም።

ሰኞ ይለያዩናል።


ጥቅምት 8

ቤቷ ሄድኩ። ያው አንድ ክፍል ነው። ልጇ ጠረጴዛው ላይ መጽሐፍ ዘርግታ ተቀምጣለች፤ የነርስ ትምህርት፣ የመጨረሻ ዓመት። እኛ በር ላይ ቆመን በሹክሹክታ...

"ልንገረው?"

"ማንን?"

"አቶ ቡድንን። ሁለታችንን አንድ ላይ ይተወን ልበለው።"

"ከተናገርሽ እህቴ አይደለሽም።"

"እሺ ሐኪም ይይሽ።"

"የሠራተኛ ምርመራ ውጤት የት ነው የሚሄደው? እሱ ጠረጴዛ ላይ አይደለም? አጣጣፊ አይታያትም ከተባለ እዚያው ቀን በር ላይ ነኝ። ልጄ ትመረቅ። እስክትመረቅ ብቻ፣ በሞቴ።"

በሞቴ ካለች ምን እላለሁ?

የዓይን ሕክምናው ከራሳችን በላይ ነው። ደረጃውን ወጥቶ ወደ ግራ። አንሶላቸውን እኛ ነን የምናጥፈው። እዚያው ሥር ቁጭ ብለን...


ጥቅምት 10

አንድ ቡድን ውስጥ ገባን፣ እኔና እሷ፣ ሻምበል፣ ቻርጀር። ደስ ብሎኝ ነበር። ለካ አንድ ቡድን ማለት አንድ ጠረጴዛ ማለት አይደለም። እኔን ከቻርጀር ጋር ትልቁ ካውያ ላይ አቆመኝ። እህትዓለምን ከሻምበል ጋር ማጠፊያው ላይ። ሻምበል አንሶላ አጥፎ ያውቃል? ዓይኑ ማሽኖቹ ላይ ነው።

ቻርጀር ጋር መሥራት መከራ ነው። እኔ ስስብ እሷ ትስባለች፣ ገመድ ጉተታ የያዝን ነው የሚመስለው። "እትዬ፣ በአፍሽ ተናገሪ እንጂ! እኔ ጨርቅ አልሰማም!" አለችኝ።

ከምሳ በኋላ አንዲት ነርስ አንሶላ በሁለት ጣቷ ይዛ ወረደች። የደረቀ ደም፣ ጫፉ ላይ። ተተኩሶ፣ ተጣጥፎ፣ ሕመምተኛ አልጋ ላይ ሊነጠፍ ነበር።

"የየትኛው ቡድን ነው?" አቶ ቡድን።

እህትዓለም አፏን ልትከፍት ስትል ቀደምኳት።

"የእኛ ነው። እኔ ነኝ ያሳለፍኩት" አልኩ።

"እርስዎ ካውያ ላይ አይደሉም እንዴ?"

"ከዚያ በፊት ነው።"

አፈጠጠብኝ። ሄደ። ሁለተኛ ቢመጣስ? ሦስተኛስ? ስንቱን እኔ ነኝ እላለሁ?


ጥቅምት 12

ለምኜ አላውቅም። ባሌ ሲሞት አልለመንኩም። ልጄ ሰው አገር ሄዶ ስልክ መደወል ሲያቆም "ደውልልኝ" ብዬ አልላክሁበትም። ዛሬ ለመንኩ።

መጀመሪያ ሻምበልን፣ ከማድረቂያዎቹ ኋላ። ከየት እንደምጀምር ጠፋኝ።

"አንድ ነገር... ስለ እህትዓለም ነው።"

"ስለ ዓይኗ?"

"ማን ነገረህ?"

"እትዬ፣ እኔ እኮ ቀኑን ሙሉ ማሽን ሲሽከረከር ከማየት ሌላ ሥራ የለኝም። ሲሰለቸኝ እናንተ ላይ አፈጣለሁ። ክርኗን ስትነኪ፣ ጨርቅ ስትስቢ... ሚስቴ እንኳ እንዲህ ይዛኝ አታውቅም።"

"ለምን ዝም አልክ?"

"ብናገር እሬት ትግቺኛለሻ!"

ስሙን በፊቴ ሲጠራው የመጀመሪያው ነው። ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ አለቀስኩ፣ በአንድ ዓይኔ ብቻ፣ በሌላው በሩን እየጠበቅኩ።

ቻርጀር ግን አስቸገረች። "ብንያዝስ? እኔ ገና መግባቴ ነው፣ ሙከራ ላይ ነኝ" አለች። እውነቷን ነው። እንደ ለማኝ ቆምኩ ፊቷ። "እናት አለሽ?" አልኳት። "እናት አለሽ አይባልም፣ ይሄ ማስገደድ ነው" አለች። አፏን! ስልኳን ኪሷ ከታ ግን "እሺ። ግን እንደናንተ በመጎተት አይሆንም። በደንብ አስበን እንሥራው።"

በደንብ አስበን። ያቺ ከስልክ የማትለይ ልጅ።


ጥቅምት 14

እንዲህ ሆነ። ሻምበል ከማጠቡ በፊት ይለያል፤ የቀዶ ጥገናውንና የወላዶችን ለብቻ፣ ፎጣውንና የትራስ ልብሱን ለብቻ። እህትዓለም ጋ የሚሄደው ፎጣና ትራስ ነው። ትንሽ ጨርቅ ነው፣ በቀዳዳዋም ቢሆን ሙሉው ይገባላታል። አንሶላ ግድ ሲሆንባት ቻርጀር ከአጠገቧ ሆና ታንጎራጉራለች። ዝም ካለች እድፍ አለ ማለት ነው። ጋሪዎቹን ሁሉ በግራ ግድግዳ ብቻ እንዲገፉ ተስማማን፤ በቀኝ ማንም አይመጣባትም። እኔ የታጠፈው የሚደረደርበት የመጨረሻው ቆጥ ጋ ቆሜ ሁሉንም እንደገና አያለሁ።

እህትዓለም ሰዎቹ እንደሚያውቁ ስነግራት ፊቷን አዞረች። "ለስንት ሰው ሸጥሽኝ?" አለች። ለሁለት አልኳት። ቀኑን ሙሉ አላናገረችኝም። ማታ ስንወጣ ግን እጄን ፈልጋ ያዘች።


ጥቅምት 23

ሳምንት አለፈ፣ አንድም አንሶላ አልተመለሰም።

ምሳ አብረን በላን፣ አራታችንም አንድ ጠረጴዛ። በስንት ዘመኔ። ሻምበል ሚስቱ የሠራችለትን ለእህትዓለም ቆርሶ "ብዪ፣ ሚስቴ ጨው የምታበዛው ለጠላቶቼ ነው" ይላታል። ቻርጀር "እትዬ፣ ማንጎራጎር ጨረሰኝ፣ የማውቀው ሁሉ አለቀ፤ የጥንት ዜማ አስተምሪኝ" አለችኝ። አስተማርኳት። ድምፄ እንዳለ አላውቅም ነበር።

ይሄ ነው እንዴ ቡድን የሚለው? እሱ ሳያውቀው?

ግን ሌሊት ሌሊት ልቤ ይመታል። ደስ ሲለኝ ነው የሚብሰኝ። አንዱ ቢቀርስ? ሻምበል ቢታመም? ቻርጀር ሌላ ሥራ ብታገኝ? አራት ሰው አንድ ብርጭቆ ይዞ ደረጃ የሚወርድ... ማን ይስታል ቀድሞ?


ኅዳር 2

አንደኛ ወጣን። እኛ! አቶ ቡድን ሁሉንም ሰብስቦ አስጨበጨበልን። ከዚያ ጠራኝ፣ ወደ ፊት።

"ምስጢራችሁን ለሌሎቹ ያካፍሉ እስቲ፣ እማማ!"

እማማ! እናትህን እንዲህ በላቸው። ያ ሁሉ ሰው አፌን ያያል። ምን ልበል?

"ዝም ማለት" አልኩ።

"እ?"

"እርስ በርስ መተያየት። ከዚያ ዝም ማለት።"

ደስ ብሎት ጻፈው! "ድንቅ ነው፣ መደማመጥ ማለታቸው ነው" ብሎ ለሰዉ ተረጎመልኝ። ሻምበል ሳቁን በሳል ሸፈነ።

መጨረሻ ላይ ግን... "ከዋናው መሥሪያ ቤት እንግዶች ይመጣሉ። የእናንተን ቡድን ነው የማሳያቸው። ማንኛዋም አባል ማንኛውንም ሥራ እንደምትችል ያያሉ።"

እህትዓለም አጠገቤ ቆማ ፈገግ ብላለች። እጇ ግን ሽርጤን ጨምድዶ ይዟል።


ኅዳር 3

ቅሪ አልኳት። አሞኛል በይ። "ስቀር ምርመራ ይልከኛል" አለች። መሄጃ የለም። ከየትም በኩል።


ኅዳር 5

ፊደሉ ይወላገዳል። ይሁን።

እንግዶቹ ሦስት ነበሩ። አንዷ መነጽር ያደረገች ሴትዮ። አቶ ቡድን ከጠዋቱ ጀምሮ "ዛሬ ዜማ የለም፣ ሥርዓት ይኑር" ብሎ አስጠነቀቀ። ቻርጀር አፏን ዘጋች። ጋሪዎቹን ለመልክ ብሎ በሁለቱም ግድግዳ አሰለፈ። እኔን ካውያው ላይ፣ ሻምበልን በር ላይ፣ እህትዓለምን...

ብርሃን ያለው መፈተሻ ጠረጴዛ ላይ። ብቻዋን።

ሰፊ አንሶላ ዘረጋች። ከካውያው ማዶ ሆኜ አየሁት እድፉን። ቡናማ፣ መዳፍ የሚያህል፣ በቀኝ ጫፉ። እሷ መሐሉን እያየች፣ በእጇ እየዳሰሰች፣ እየፈገገች ታጥፋለች። አቤት አስተጣጠፏ! መስመሩ ቀጥ ያለ። እድፉ ወደ ላይ ሆኖ ወጣ፣ እንደ ማኅተም።

ቻርጀርን አየሁ፤ እሷ እኔን ታያለች። ሻምበልን አየሁ፤ እሱ ቻርጀርን። አንዳችን ብንወድቅ፣ ጋሪ ብንገለብጥ፣ ብንጮህ... እኔ ቻርጀር ታደርገዋለች ብዬ። እሷ እኔ አደርገዋለሁ ብላ። ሦስት ሰው ቆሞ ማንም አልተንቀሳቀሰም።

መነጽር ያደረገችው ሴትዮ ጣቷን ዘረጋች። "ይሄስ?"

"የቱ?" አለች እህትዓለም።

"ይሄ።"

እህትዓለም አንገቷን ወደ ግራ አዘነበለች፣ ወደ ቀኝ። እጇን ሌላ ጫፍ ላይ አኖረች። "ይሄ ነው?" አሁንም ፈገግ ብላለች። "የቱ ነው እመቤቴ? ቶሎ አነሳዋለሁ..."

ሴትዮዋ ዞራ አቶ ቡድንን አየችው።

ወደ ኋላ ስትል ከጋሪው ተጋጨች። በቀኝ በኩል ካለው።


ኅዳር 6

የአቶ ቡድን ቢሮ። አራታችንም ቆመን። እንድንቀመጥ ቢነግረንም አልተቀመጥንም።

"ማን ያውቅ ነበር?"

"እኔ" አልኩ። ወለሉን እያየሁ ጠበቅኩ። ሌላ ድምፅ ካልመጣ ብቻዬን ልሸከመው ብዬ።

"እኔም" አለ ሻምበል።

"እኔም" ቻርጀር፣ ሙከራ ላይ ያለችው። እያለቀሰች።

አቶ ቡድን ወንበሩ ላይ ዞር ዞር አለ። ይቆጣል ብዬ ነበር። አልተቆጣም። "ለምን አልነገራችሁኝም?" አለ፣ እንደ ከፋው ልጅ።

"ብነግርህ ምን ታደርግ ነበር?" አልኩት፣ አንተ ብዬ። ከአፌ ወጣ።

"ሕጉ የሚለውን ነዋ፣ እማማ።"

"ሕጉ ምን ይላል?"

ጠረጴዛው ላይ ያለውን ወረቀት ማገላበጥ ጀመረ። መልሱ ያ ነው። ማየት ለሚጠይቅ ሥራ የማያይ ሰው አይቀጠርም። እህትዓለም ሽርጧን ፈታ አጣጠፈችና ጠረጴዛው ላይ አኖረችለት።

እኛን በማስጠንቀቂያ ለቀቀን። እሷን ወደ ምርመራ ላካት። ሰው ለማሰናበት ሲፈልጉ ነው ለካ ሐኪም ዘንድ የሚልኩት።


ኅዳር 9

አብሬያት ወጣሁ። ደረጃውን ወጥቶ ወደ ግራ። እንዴት ቅርብ ነው... እንዴት ቅርብ ነበር!

ሐኪሟ ለስላሳ ሴት ናት። በመሣሪያው አየቻት፣ እንደገና አየቻት። "የዓይን ግፊት ነው። ከዳር እየበላ ይመጣል።"

"ይድናል?" እኔ ነኝ የጠየቅኩት።

"የሄደው አይመለስም። የቀረው እንዳይሄድ በጠብታ እንሞክራለን። ግን የቀረው ትንሽ ነው።" ከዚያ ወደ እሷ ዞራ፣ "እናቴ፣ መቼ ነው የጀመረሽ?"

"ሁለት ዓመት... ከዚያም በላይ።"

"ያኔ መጥተሽ ቢሆን በጠብታ ብቻ ይቆም ነበር።"

ሐኪሟ ሌላም ተናገረች። አልሰማሁም።

ደረጃው ላይ ክርኗን ልይዝ እጄን ዘረጋሁ። ክርኗን ሰበሰበች። በግድግዳው እየዳበሰች፣ አንድ በአንድ ወረደች። እኔ ከኋላ። መውጫው ጋ ደርሳ ቆመች። ፊቷን አላዞረችም።

"ለምን አየሽልኝ?" አለች።

"እ?"

"ባታዪልኝ ኖሮ ያኔውኑ እወድቅ ነበር። ያኔውኑ ያባርሩኝ ነበር። ያኔውኑ ሐኪም ያየኝ ነበር። አንቺ እያየሽልኝ... የሚታየኝ መስሎኝ ተቀመጥኩ።"

"አንቺ አይደለሽ በሞቴ ያልሽኝ?"

"እኔ ፈርቼ ነው። አንቺስ? አንቺ ምን ሆነሽ ነው?"

ሄደች። ቀኝ ትከሻዋ በሩን እየታከከ።


ኅዳር 11

ጥፋተኛው እሱ ነው። ባይለያየን ኖሮ እስከ ዛሬ እናጥፍ ነበር።

እስከ ዛሬ... ከዚያስ? ጨርሶ እስኪጨልምባት? እኔ እየሳብኩ እያላላሁ?


ኅዳር 12

እኔ ምን ሆኜ ነው? ጥያቄዋ አይለቀኝም። በማንቆርቆሪያው ድምፅ ውስጥ፣ በደረጃው ላይ።

ምን ሆኜ ነው... በዚህ ዓለም የምፈለግበት ቦታ ያ ነበር። አንድ ሰው ያለ እኔ አያይም። ባል የለ፣ ልጅ አይደውል። ጠዋት ስነሳ የምነሳበት ምክንያት። ብትድን አስፈልጋት ነበር? ልድን ነው ብትለኝ ደስ ይለኝ ነበር?

አላውቅም። ጌታ ያውቃል። እኔ አላውቅም።


ኅዳር 19

ሂሳቧን ተቀብላ ወጥታለች አሉ። እኔ ባልነበርኩበት ሰዓት መጥታ።

ቤቷ ሄድኩ። ልጇ ከፈተች። ግማሹን በር ብቻ።

"እማዬ ተኝታለች።"

ከውስጥ ስኒ ሲቀመጥ ሰምቻለሁ። "እሺ፣ ጠብታውን እየጨመርሽላት ነው?"

"እየጨመርኩላት ነው፣ እትዬ።" በሩን እንደያዘች ቆመች። ደግ ልጅ ናት፤ ክፉ መናገር አትችልበትም፣ ያስታውቅባታል። "እኔ እኮ በትምህርቴ ይሄንኑ ነው የማጠናው። ምልክቱን በቃሌ ነው የማውቀው። እቤቴ ውስጥ ግን አላየሁትም። እማዬ ስትደናቀፍ ደክሟት ነው እላለሁ። አንቺ ግን ታውቂ ነበር። አንድ ቃል ብትነግሪኝ..."

"አትንገሪ ብላኝ ነው።"

"አውቃለሁ። እሷም ያንኑ ነው የምትለው።" ከዚያ ዝቅ ብላ፣ "ለጊዜው ባትመጪ ይሻላል፣ እትዬ። ስምሽ ከተነሳ ቀኑን ሙሉ አትናገርም።"

መንገዱን እንዴት እንደጨረስኩት አላውቅም። ሰው ገፋኝ መሰለኝ። ወይ እኔ ገፋሁ።


ኅዳር 24

አዲስ ሰው መጣልኝ፣ አጣጣፊ። ወጣት፣ ዓይኗ እንደ ጭልፊት። ጨርቁን ስስብ "ምን ሆንሽ እናቴ?" ትለኛለች። ምን ሆንኩ? ልማድ ነው አልኳት። ቡድናችን ዘንድሮ አንደኛ አይወጣም። ማንም አያወራም። ቻርጀር ስልኳ ላይ ናት፣ ሻምበል ማሽኖቹን ማዘዝ ትቷል።

አቶ ቡድን አንዴ ወርዶ አጠገቤ ቆመ። "ሠራተኛ ሲታመም ሳይባረር የሚታከምበት መንገድ እንዲኖር የበላዮቼን ጠይቄያለሁ፣ መልስ አልሰጡኝም ገና" አለ። ለምን ለእኔ ይነግረኛል? "ቀድሞ ነበር" አልኩት። አንገቱን ደፍቶ ሄደ።

ሎሚው ወረቀት በእንፋሎቱ ተላቅቆ ወድቋል። ማንም አላነሳውም።


ታኅሣሥ 1

ዛሬ ጋሪ ስወስድ ሻምበልን ከበረኪናው በርሜሎች መሐል አገኘሁት። ቆሞ አይደለም። ግድግዳውን ተደግፎ ቁጢጥ ብሏል፣ እጁ ደረቱ ላይ። ፊቱ ከአንሶላው ነጥቷል።

"ምን ሆንክ?"

"ምንም። ያልፋል። እንፋሎቱ ነው።"

"መቼ ጀመረህ?"

"ቆየት ብሏል... ከባድ ሳነሳ ነው። እትዬ፣ ድምፅሽን ቀንሺ።"

ትንፋሹን እስኪሰበስብ አጠገቡ ቁጭ አልኩ። በረኪናው ዓይን ያቃጥላል። ትንሽ ሲሻለው ሳቀ፣ የዱሮ ሳቁን አስመስሎ።

"አስቤዋለሁ። ከባዱን ጋሪ አንቺ ትገፊልኛለሽ። በርሜሉን ቻርጀር ትቀዳልኛለች። አዲሷ ልጅ ዓይኗ ጥሩ ነው፣ እሷን በር ላይ እናቆማታለን። ለእህትዓለም እንዳደረግነው። እናውቅበታለን እኮ!"

እናውቅበታለን። እውነቱን ነው። ከዚህ የተሻለ የምናውቀው ሥራ የለም። እዚያው ተቀምጬ በልቤ ደለደልኩት፤ ማን የት ይቆማል፣ ማን ምን ያነሳል። ያምራል። አንድም ሰው አያውቅብንም። እስኪወድቅ ድረስ።

"ነገ ጠዋት ወደ ላይ እንወጣለን" አልኩት። "የልብ ሐኪም ጋ። እኔና አንተ።"

"አብደሻል? ከባድ የማያነሳ ሰው ሥራ ላይ ያቆያሉ? አራት ልጅ አለኝ!"

"አውቃለሁ።"

"ለእሷ ሁለት ዓመት ሸፈንሽ። ለእኔ አንድ ቀን አይሆንልሽም? እኔ ሰው አይደለሁም?"

"ሰው ስለሆንክ ነው" አልኩት። ተነስቶ ትቶኝ ሄደ፣ ግድግዳውን እየያዘ። በሩ ጋ ሲደርስ "እሬት!" አለኝ። እንደ ስድብ። ስድብ ነው።

አሁን እቤት ተቀምጬ እጽፋለሁ። ጠዋት በሩ ላይ እጠብቀዋለሁ። እሺ ካለ ክንዱን ይዤ እወጣለሁ። እንቢ ካለ ብቻዬን ወጥቼ እናገራለሁ፣ ለሐኪሙም ለሚስቱም፣ ለአቶ ቡድንም ቢሆን። ያባርሩታል ይሆናል። ልጆቹ ስሜን በክፉ ያነሱታል። ቻርጀር ፊቷን ታዞርብኛለች፣ ያ የምሳ ጠረጴዛ ዳግመኛ አይሞላም። እኔም እንደ ጀመርኩት ብቻዬን እጨርሰዋለሁ።

ይጥሉኝ። በሞቴ ቢሉኝም፣ እግሬ ላይ ቢወድቁም፣ ከእንግዲህ የማንንም ሕመም አልሸፍንም።